የንግድ ምክር ቤት ዋና ጸሐፊ ማንን ይጠይቅ?

ጤና ይስጥልን አድማጮች። የዛሬው ወሬ ለጥቂት ሰዎች ነው፤ ለከተማና ለክልል ንግድ ምክር ቤት ዋና ጸሐፊዎች። የቦርድ አባላትም ብትሰሙት አይከፋም፤ በጀቱን የምታጸድቁት እናንተ ናችሁና።

በ1995 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 341 የንግድ ምክር ቤቶችን ከታች እስከ ብሔራዊ ደረጃ አዋቅሯል። አባልነቱ በፈቃደኝነት ነው። ፕሬዚዳንቱና ቦርዱ በምርጫ ይመጣሉ፣ በምርጫ ይሄዳሉ፤ የሚያሯሩጣቸው የራሳቸው ንግድም አላቸው። ዋና ጸሐፊው ግን ተቀጣሪ ነው፤ የዕለት ሥራው እሱ ላይ ይወድቃል። እና በከተማው ውስጥ እንደሱ ዓይነት ሥራ የሚሠራ ሌላ ሰው የለም። የባንክ ሥራ አስኪያጅ ሲቸግረው ሌላ ቅርንጫፍ ይደውላል። እሱ የሚጠይቀው ሰው ያለው ሌላ ከተማ ነው።

ለዚህ የለመድነው መድኃኒት «የልምድ ልውውጥ» ነው። ሚኒባስ ይከራያል፣ ሃያ ሰው ይሳፈራል፣ ባነር ይታተማል፣ ውሎ አበል ይከፈላል። አስተናጋጁ በፓወር ፖይንት ስኬቱን ያቀርባል፣ ምሳ ይበላል፣ ፎቶ ይነሳል። መተዋወቁን አልጠላውም። ሥራ ላይ ለውጥ የማያመጣው ግን የሚታየው ሁሉ ያለቀለት ስለሆነ ነው። ጀማሪውን የሚጠቅመው ያላለቀው ነው፤ ቦርዱ ሁለት ጊዜ የመለሰው በጀት፣ አባላት መልስ ያልሰጡበት ደብዳቤ።

ስለዚህ የሃያ ሰው አበል ካለ፣ ሁለት ሰው ላኩና ሳምንት ይቀመጡ፤ ዋና ጸሐፊውና የሒሳብ ሠራተኛው። አስተናጋጁ ሥራ የበዛበትን ሳምንት ምረጡ፤ ጠቅላላ ጉባኤ ሊጠራ ሲል፣ ወይም ኤግዚቢሽን ሊከፈት ሲል። እንግዶቹ አዳራሽ ሳይሆን ጠረጴዛ ጎን ይቀመጡ።

ማን ከማን ይጣመር? ብዙዎች ዓይናቸው አዲስ አበባ ላይ ነው። የአዲስ አበባው ምክር ቤት በ1939 ዓ.ም. የተቋቋመ፣ የግልግል ተቋም ያለው ትልቅ ቤት ነው። ሦስት ሠራተኛ ላለው የከተማ ምክር ቤት ግን አሠራሩ ልክ አይሆንም። በሠራተኛ ቁጥር የሚመስላችሁን፣ በዕድሜ ግን የሚቀድማችሁን ፈልጉ። ጎረቤትም አይሁን። ጎረቤት ከተሞች ለአንድ ስፖንሰር፣ ለአንድ የኤግዚቢሽን ሳምንት ይሻማሉ፤ እየተሻሙ ደግሞ በጀት አይገላለጡም። ለደሴ አሰላ ከኮምቦልቻ ይሻላታል።

አሁን ከተጣመራችሁት ምክር ቤት ወደምትጠይቁት ፋይል። መጀመሪያ የሚጠየቀው የአባላት መዝገብ ነው፤ ስሞቹ ሳይሆኑ ባዶው ቅጽ። በ2016 ዓ.ም. የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ 1321 ወጥቷል፤ የነጋዴዎችን ስልክ ከከተማ ከተማ በቴሌግራም ማዘዋወር ድሮም ነውር ነበር፣ አሁን ሕግም አለበት። ቅጹ ላይ ዓምዶቹን እዩ። አሥር አኃዝ ያለው የግብር ከፋይ መለያ ቁጥር አለ ወይ? ስሙ የተጻፈው በንግድ ፈቃዱ ላይ እንዳለው ነው ወይስ በሱቁ ታፔላ? ስልኩ የባለቤቱ ነው ወይስ የሒሳብ ሠራተኛው? መዋጮ የተከፈለበት ቀንና የደረሰኝ ቁጥር አለ? መለያ ቁጥር የሌለው መዝገብ አንድን ሰው በሦስት ስም ሦስት ጊዜ ይቆጥራል። ከዚያ ቦርዱ ሺህ አባል አለን ብሎ ያቅዳል፣ የሚከፍለው ሁለት መቶ ይሆናል፣ በጀቱ በጥር ይደርቃል።

የመዋጮ ደብዳቤውን ከነቀኑ ጠይቁ። ንግድ ፈቃድ ያለ ቅጣት የሚታደሰው ከሐምሌ 1 እስከ ታኅሣሥ 30 ነው። ነጋዴው ወረቀቱን ይዞ የሚንቀሳቀሰው ያኔ ስለሆነ፣ ደብዳቤው በሰኔ መጨረሻ እጁ መግባት አለበት። በየካቲት የተላከ ደብዳቤ መሳቢያ ነው የሚገባው።

የጠቅላላ ጉባኤው ፋይል ደግሞ ሙሉ ጥቅል ይሁን፤ የጥሪ ደብዳቤ፣ አጀንዳ፣ የተሰብሳቢ ፊርማ ቅጽ፣ ቃለ ጉባኤ። እዚህ ላይ ሰው የሚወድቀው ምልዓተ ጉባኤ ላይ፣ ማለት ስብሰባው እንዲጸና መገኘት ያለበት የአባላት ቁጥር ላይ ነው። መዋጮ የከፈሉ አባላት ዝርዝር ከስብሰባው በፊት በተወሰነ ቀን ካልተዘጋ፣ በር ላይ የሚከፍል ይመጣል፣ ይመርጣል፣ የተሸነፈው ወገን ምርጫው ይሰረዝልኝ ይላል። ቁጥሩ ካልሞላ ሁለተኛ ጥሪ የሚደረግበት ቀንም መተዳደሪያ ደንቡ እስከፈቀደ ድረስ መጀመሪያው ደብዳቤ ላይ ይጻፍ፤ ያለዚያ አዳራሽ ሁለት ጊዜ ትከራያላችሁ።

ኤግዚቢሽን ከሆነ የወለሉን ሥዕል ለምኑ። 60 ቡዝ (የዕቃ ማሳያ ክፍል)፣ እያንዳንዱ ሦስት በሦስት ሜትር፣ ማለት 540 ካሬ ሜትር ነው፤ መተላለፊያው፣ መድረኩና መውጫው ሲጨመር ግን ከዚህ እጥፍ ግድም ቦታ ያስፈልጋል። ጀማሪ 540ውን ብቻ ይዞ ሜዳ ይከራይና መተላለፊያ ሲያጣ የሸጠውን ቡዝ ይሰርዛል። በጀቱም ቡዙ ሁሉ ይሸጣል ተብሎ አይሠራ፤ ስድሳ በመቶው ተሽጦ ወጪው የማይሸፈን ከሆነ እኔ ባልነካው እመርጣለሁ። ለአባል በዱቤ የተሰጠ ቡዝ ደግሞ እንዳልተሸጠ ይቆጠር።

ስለ አላላኩ ትንሽ ልበል፣ ብዙ ልፋት የሚባክነው እዚያ ነው። ማኅተም ያረፈበት ስካን የተደረገ ፒዲኤፍ አትላኩ፤ ተቀባዩ ሊያርመው አይችልም፣ ማኅተማችሁም ለማጭበርበር ይጋለጣል። በዎርድ ይሁን፣ ማኅተምና ፊርማ ይውጣለት። ፊደሉም ዩኒኮድ፣ ማለት የትኛውም ኮምፒውተር የሚያነበው ይሁን። በድሮው የግዕዝ ፕሮግራም የተተየበ ሰነድ ሌላ ኮምፒውተር ላይ ሲከፈት የማይነበብ የላቲን ፊደልና ምልክት ይሆናል፤ አጋሩ የማይጠቅም ነገር ላከልኝ ብሎ ይተወዋል። የቴሌግራም ቡድኑ ውስጥ «እንኳን አደረሳችሁ» ከበዛ ፋይሎቹ ይቀበራሉ። ፋይል ብቻ የሚወጣበት ቻናል ለብቻው ክፈቱ፤ የፋይሉ ስም በዓመተ ምሕረት ይጀምር፣ ቀጥሎ የሰነዱ ዓይነት፣ ከዚያ ከተማው።

ወረቀት የማይሸከመው ነገር ግን አለ። ፕሬዚዳንቱ ለዘመዱ የቪዛ ድጋፍ ደብዳቤ ጻፍልኝ ሲል ምን ይባላል? የከተማው ንግድ ቢሮ ምክር ቤቱን እንደ ራሱ ክፍል ሲያዘው? ይህ ከመካሪው፣ ማለት ከተጣመራችሁት ምክር ቤት ዋና ጸሐፊ ጋር የሚወራ የስልክ ጉዳይ ነው። በየሁለት ሳምንቱ አርባ አምስት ደቂቃ፣ ለስድስት ወር፣ ከዚያ ያበቃል። ማብቂያ ቀን የሌለው ነገር እኛ ዘንድ «እንደዋወላለን» ሆኖ ይቀራል። ደዋዩ ጀማሪው ነው፤ የሚወራበትን አንድ ሰነድ ከአንድ ቀን በፊት ይልካል። ሰነድ ካልላከ ጥሪው ይለፍ፤ አለዚያ ስለ ቦርድ እሮሮ ብቻ ሆኖ ያልቃል። መካሪው ትልቅ ሰው ነውና በአንቱታ ያነጋግሩት ይሆናል፤ ግን አለቃ አይደለም፣ ለቦርዱም ሪፖርት አያደርግም። ይህንን ሁለቱም ቦርዶች በአንድ ገጽ ደብዳቤ አስቀድመው ይወቁት፤ ካልሆነ ምስጢር አወጣ የሚል ክስ ይመጣል።

አዲስ ከተሾማችሁ ዛሬ የምትደውሉበት ጥያቄ ይኸው፦ ርክክብ ሲደረግ ወንበሩ፣ ኮምፒውተሩና ማኅተሙ በዝርዝር ይሰፍራሉ፤ በቀጣዮቹ ሦስት ወራት ቀነ ገደባቸው የሚያልፉ ነገሮች ግን አይሰፍሩም። የውጭ ኦዲተሩ ውል፣ የቢሮ ኪራዩ፣ የባንክ ፈራሚዎች ለውጥ፣ የጉባኤው ጥሪ። መካሪያችሁን የእሱን ሦስት ወር እንዲያነብላችሁ ጠይቁት፤ እናንተ ከራሳችሁ ጋር እያስተያያችሁ የጎደለውን ጻፉ።