በአይን ጠይቁኝ፦ ታንጎና ይሉኝታ

እሺ ሰላም፣ እንዴት ከረማችሁ። ዛሬ እንግዳ የለኝም፣ ብቻዬን ነው ማወራው፣ ሚሰማችሁ ድምፅ ዝናብ ነው ቆርቆሮው ላይ፣ እስኪያባራ ልጠብቅ ብዬ ነበር ግን ሐምሌ ነው መች ሊያባራ፣ ስለዚ ታገሱኝ።

ሰሞኑን ከልምምድ በኋላ አራት ኪሎ ማኪያቶ ይዘን ቁጭ ብለን በጣም ተጨቃጨቅን። ጥያቄው ምንድነው፣ አንድ ሰው ታንጎ መደነስ ሲፈልግ ሴትየዋ ጋ ሄዶ እጁን ዘርግቶ "እንደንስ?" ይበል ወይስ በአይኑ ይጠይቅ? አንዱ ጓደኛችን "ይሄ የአይን ነገር የፈረንጅ ቅብጠት ነው፣ እኛ ሰውን ቀርበን በአክብሮት ነው ምንጠይቀው" አለ፣ ግማሹ ሳቀ ግማሹ ደገፈው። እኔ እዛው መልሼለታለሁ ግን እዛ ጠረጴዛ ላይ ማን ያስጨርሳል፣ እዚህ ደግሞ ማንም አያቋርጠኝም ሀሀ።

ታንጎን ለማታውቁት በአጭሩ ልበል። ዳንሱ የቦነስ አይረስና የሞንቴቪዲዮ ነው፣ አርጀንቲናና ኡራጓይ አንድ ላይ ሆነው እ.ኤ.አ. በ2009 ዩኔስኮ ላይ አስመዝግበውታል፣ እኛ እ.ኤ.አ. በ2013 መስቀልን ያስመዘገብንበት እዛው መዝገብ ላይ ማለት ነው። ሰው ተሰብስቦ ሚደንስበት ዝግጅት ሚሎንጋ ይባላል። ዲጄው ዘፈን አንድ በአንድ አይለቅም፣ ሶስት ወይ አራት አድርጎ አብዛኛውን ጊዜ ከአንድ ኦርኬስትራ ነው ሚያጫውተው፣ ያ ታንዳ ነው። ከዛ ከታንጎ ጋር ምንም ማይገናኝ አጭር ሙዚቃ ይገባል፣ ኮርቲና ይሉታል፣ ያኔ ሁሉም ፍሎሩን ለቆ ወደ ቦታው ይመለሳል። እና አንድ ታንዳ ማለት ከአንድ ሰው ጋር አስር ምናምን ደቂቃ ተቃቅፎ መቆየት ነው። ተቃቅፎ! ደረት ለደረት፣ አንዳንዴ ጉንጭ ለጉንጭ። ይቺን ያዙልኝ።

እስክስታ ላይ እኮ ሰው ፊትሽ መጥቶ ትከሻውን ቢሰብቅ፣ ካልፈለግሽ ፈገግ ብለሽ ወደ ጓደኛሽ ትዞሪያለሽ፣ ማንም ማንንም አልነካም። ታንጎ ላይ ግን እሺ ካልሽ አቅፈሽዋል፣ መሀል ላይ ደግሞ ጥሎ መውጣት ትልቅ ነገር ነው። ስለዚ ጥያቄው ላይ ነው ሁሉም ነገር ሚወሰነው።

ካቤሴኦ ሚባለው ይሄ ነው። ኮርቲናው ያልቃል፣ አዲሱ ታንዳ ይጀምራል፣ የዳሪየንዞ ኦርኬስትራ ከሆነ ምቱ ፈጣን ነው ልብሽ ይዘላል፣ የፑግሊዬሴ ከሆነ ከባድ ነው ድራማ አለው፣ ያንን ሰምተሽ ከማን ጋር መደነስ እንደምትፈልጊ ታውቂያለሽ፣ ወደ እሱ ታያለሽ። እሱም ካየሽ አንገቱን ነቅነቅ ያደርጋል፣ አንቺም ትነቀንቂያለሽ፣ በቃ ተስማማችሁ። ካልፈለግሽ አይንሽን ወደ ሌላ ታዞሪያለሽ። ማንም አልሰማም፣ ማንም አላየም፣ እሱም አዳራሹን ሙሉ አቋርጦ መጥቶ ባዶ እጁን አልተመለሰም። ከተስማማችሁ በኋላ ደግሞ አይኑን ሳይነቅል በፍሎሩ ዳር ዳር ዞሮ ነው ሚመጣው፣ አንቺም ፊትሽ እስኪደርስ አትነሺም፣ ምክንያቱም ከኋላሽ ወይ ከጎንሽ ያለችው ሴት ለኔ ነው ብላ ነቅንቃ ሊሆን ይችላል። ሁለት ሴቶች እኩል ብድግ ሲሉ አይቻለሁ፣ ሰውየው እንዴት እንደሚሆን አትጠይቁኝ።

አሁን ወደ ጓደኛችን ክርክር ልምጣ። "ቀርቦ መጠየቅ አክብሮት ነው" አለ አይደል፣ ለማን ነው አክብሮቱ? እኛ ሴቶች እኮ ይሉኝታ ያለብን ሰዎች ነን። አንድ ሰው ጠረጴዛችን ድረስ መጥቶ ቆሞ፣ ጓደኞቻችን እያዩ፣ እጁን ዘርግቶ እንዴት እምቢ ይባላል? አይባልም። ስለዚ ወይ እንደንሳለን ወይ እንዋሻለን። "እግሬን አሞኛል"፣ "ትንሽ ልረፍ"፣ "ውሃ ልጠጣ"። ከዛ ሁለት ዘፈን ቆይቶ ከሌላ ሰው ጋር ስትደንስ ያያታል፣ "ናቀችኝ" ብሎ ያኮርፋል። የኛ የታንጎ ሰው ደግሞ ትንሽ ነው፣ ሁላችንም እንተዋወቃለን፣ ያኮረፈው ሰው በነጋታው ፒያሳ ታክሲ ተራ ላይ ፊት ለፊትሽ ቆሞ ታገኚዋለሽ። ቦነስ አይረስ ላይ ሰው እምቢ ቢባል ነገ ሌላ ሚሎንጋ ይሄዳል፣ እኛ ያለችን አንዷ ናት! ስለዚ የአይኑ ጥያቄ ከነሱ ይልቅ ለኛ ነው ሚያስፈልገው ባይ ነኝ።

"አይን ለአይን መተያየት ባህላችን አይደለም" ያለችኝ ደግሞ አለች። እውነቷን ነው፣ አታፍጪ እየተባልን ነው ያደግነው፣ መጀመሪያ ላይ ብዙዎቻችን ወደ ወለሉ ነው ምናየው ከዛ ማንም አልጠየቀኝም ብለን እንከፋለን። ግን ደግሞ ጥቅሻ ሚያውቅ ህዝብ ነን እኮ፣ ሰርግ ላይ እናቶቻችን ከአዳራሹ ጫፍ ሆነው በቅንድብ ብቻ "ወጡ አልቋል ጨምሪ" ይባባሉ የለ እንዴ።

ቅንድብ ካልኩ አይቀር ይቺን ልንገራችሁ። አንድ ጓደኛችን ኢስታንቡል ፌስቲቫል ሄደች፣ ኢስታንቡል ታንጎ በጣም ሚደነስባት ከተማ ናት፣ እሷም ጎበዝ ናት። አንዱ ከሩቅ ያያታል፣ ይነቀንቅላታል፣ እሷ እንደኛ ቅንድቧን ከፍ አድርጋ ትንፋሽ ወደ ውስጥ ሳብ፣ ታውቁታላችሁ የኛን "አዎ"። ሰውየው ፊቱን አዞረ። ሌላው መጣ፣ እሱም አዞረ። ቀይ ቀሚስ ለብሳ፣ አዲስ ጫማ አድርጋ ቁጭ! በመጨረሻ ጎኗ የተቀመጠች ቱርካዊት ናት የነገረቻት፣ እዛ ሀገር ቅንድብ ወደ ላይ ማንሳት "አይ" ማለት ነው። እሺ እሺ እያለች ሁሉንም እምቢ ስትላቸው ነው ያመሸችው ማለት ነው። ከዛ በኋላ አገጯን ወደ ታች ወደ ታች እያደረገች ጨፈረች፣ እግሯ አብጦ ነው የመጣችው።

ፌስቲቫል ለመሄድ ያሰባችሁ ካላችሁ፣ ቀን ቀን ክላስ አለ፣ ማታ ትልቅ ሚሎንጋ፣ መሀል ላይ ማኤስትሮዎቹ፣ አስተማሪዎቹ ማለት ነው፣ ሾው ያሳያሉ፣ ከዛ እስከ ንጋት ይደነሳል። ማራቶን ሚባለው ሌላ ነው፣ ክላስም ሾውም የለውም ዳንስ ብቻ፣ አብዛኛውን ጊዜም ወንድና ሴቱ እኩል እንዲሆን አስቀድመው ነው ሚመዘግቡት። ብቻዬን ነው ምሄደው ለምትሉ የመጀመሪያ ማታ ብዙ አትጠብቁ፣ ሰው ሲደንስ ያላየውን ሰው አይጋብዝም። የቀኑ ሚሎንጋ ካለ እሱ ላይ ተገኙ፣ ሰው ይቀንሳል፣ ሁሉም ይተያያል።

ፍሎሩ ላይ ደግሞ ሮንዳ አለ፣ ሁሉም ጥንድ በሰዓት ተቃራኒ ነው ሚዞረው። ለአዲስ አበባ ሰው ይሄ አይከብድም፣ አደባባይ ላይ መኪና ሚዞርበት አቅጣጫ ነው። ግን እንደ ሚኒባሳችን አይደለም፣ ከፊት ያለውን አትቀድምም፣ መሀል ቆርጠህ አትገባም፣ ወደ ኋላ አትረግጥም ምክንያቱም ከኋላህ ሌላ ጥንድ አለ፣ ስትገባም ሚመጣውን ሊደር፣ ማለትም ዳንሱን ሚመራውን ሰው፣ አይኑን አይተህ እሺ ካለህ ነው ምትገባው። እዚህም አይን!

ችግሩ ብዙ ሰው ታንጎን ያየው በቪዲዮ ነው። እግር ወደ ላይ ሚወረወርበት፣ ሴትየዋን ሚያነሷት፣ ያ የመድረክ ታንጎ ነው። ቦነስ አይረስ ላይ ነሐሴ አካባቢ ሚደረገው የዓለም ውድድር እንኳን ሁለቱን ለይቶ ነው ሚያወዳድረው፣ መድረክ ለብቻ፣ ፒስታ ማለትም የፍሎሩ ለብቻ፣ ፒስታው ላይ ሙዚቃው እየሄደ እቅፉን መልቀቅ አይፈቀድም፣ ሁሉም በሮንዳ ነው ሚሄደው። እኛ ጋ ግን ስታዲየም አካባቢ ባለችው ጠባብ አዳራሻችን አንዱ ዩትዩብ ላይ ያየውን ሊሞክር ፓርትነሩን ያወናጭፋታል፣ ያ የሴት ጫማ ተረከዝ እኮ ቀጭን ነው፣ የሌላ ሰው ቁርጭምጭሚት ላይ ሲያርፍ ቀልድ አይደለም።

ሌላው ማስተማር። እባካችሁ ወንድሞቼ፣ አንዳንድ እህቶቼም፣ ፍሎር ላይ አታስተምሩ። "ክብደትሽን እዚህ አድርጊ፣ አሁን ጠብቂ፣ አይ እንደዛ አይደለም" ሲባል ሰውነት ይደርቃል፣ የደረቀ ሰው ደግሞ ሊድ አይሰማም፣ ከዛ ይብሳል። ማስተማር የፈለገ ልምምድ አለ፣ እዛ ይምጣ።

ደግሞ ጨዋነታችን ራሱ ሚያጣላን ጊዜ አለ፣ አንድ ዘፈን እንዳለቀ "አመሰግናለሁ" እንላለን፣ ምርቃት ሁሉ ምንጨምር አለን። ታንዳ መሀል ላይ አመሰግናለሁ ከተባለ በቃኝ ማለት ነው፣ ሰውየው ደንግጦ ወደ ቦታሽ ይመልስሻል። ምስጋናውን እስከ ኮርቲናው ያዙት።

ስለ ሽታ ብዙ አልልም፣ ክትፎ በሚጥሚጣ ከነቃሪያው በልታችሁ በቀጥታ አትምጡ፣ ትርፍ ሸሚዝ ያዙ፣ ማስቲካ አለ። ሽቶም ሲበዛ ያው ነው።

እና አሁን እኛ ጋ ምን እናድርግ? እኔ ሀሳብ አቅርቤያለሁ፣ ማንም ሰው ጠረጴዛ ድረስ ሄዶ አይጠይቅ ብዬ፣ ጀማሪዎቹ ይፈራሉ ያሉ አሉ፣ እሺ ለጀማሪ ይፈቀድ፣ በዛ አልጣላም። ግን ትልቁ እንቅፋት ሰው አይደለም፣ መብራቱ ነው። አዳራሹን ሚያከራዩን ሰውዬ ዳንስ ከተባለ መብራት ጠፍቶ ቀይ አምፖል መብራት አለበት ብለው ያምናሉ፣ በጨለማ ደግሞ ማን ማንን አይቶ ይነቀንቃል፣ ከመፋጠጥ ሌላ ምንም የለም። ባለፈው "አባባ መብራቱን ያብሩልን" ስላቸው "ልጄ ጭፈራ ነው ወይስ ስብሰባ?" አሉኝ። ቅዳሜ እንደገና ልጠይቃቸው ነው፣ ካልሆነ ሁለት ነጭ አምፖል ከመርካቶ ገዝተን እኛው እንቀይረዋለን ብለን ተስማምተናል፣ መሰላል ያለው ሰው ካለ ይደውልልኝ። ቻው።