ክሩ ሳያልቅ ልጁ አደገ

ማ፦ ጤና ይስጥልን አድማጮቻችን። ዛሬ ክር በእጅ ስለ መፍተልና ለልጅ ሹራብ ስለ መሥራት እናወራለን። ጓደኛዬ እንደ ልማዱ እጁ ሥራ አልፈታም። ቀጭ ቀጭ የሚል ነገር ከሰማችሁ የሹራብ መርፌው ነው፣ ማይኩ አልተበላሸም።

ሰ፦ ካልሲ ነው። አንዱ አልቋል። ሁለተኛው ግን... ጥንድ ካልሲ የሠራ ሰው ይገባዋል።

ማ፦ እሱን በኋላ። መጀመሪያ የዚያን ሹራብ ታሪክ ንገራቸው።

ሰ፦ በናትሽ እሱን ባታነሺው! እሺ። ልጄ ዓመት ከመንፈቅ ሲሆናት ነው የጀመርኩት። ሱፉን ራሴ ፈትዬ፣ ራሴ ሠርቼ አለብሳታለሁ አልኩ። ፈተልኩ፣ ገመድኩ፣ ሠራሁ። አለቀና አለበስኳት። ጭንቅላቷ ገባ፣ እጇ ገባ፣ ሹራቡ ሆዷ ላይ ሲደርስ ቆመ። እምብርቷ ውጭ ቀረ።

ማ፦ ስንት ጊዜ ፈጀብህ?

ሰ፦ ስምንት ወር። ለእኔ ስምንት ወር ምንም አይደለም። ለእሷ ግን የዕድሜዋ ሲሶ ነው።

ማ፦ ሂሳቡን ቀድመህ ብትሠራው ኖሮ ይገባህ ነበር። ለሁለት ዓመት ልጅ መካከለኛ ውፍረት ባለው ክር ሹራብ ለመሥራት 400 ሜትር ግድም ይፈልጋል። ክሩ ሁለት ሆኖ የሚገመድ ከሆነ ነጠላው 800 ሜትር ነው። እኔ በእንዝርት፣ ሳልቸኩል፣ በሰዓት 40 ሜትር ያህል እፈትላለሁ። ሃያ ሰዓት ማለት ነው። ልጅ ያለው ሰው ደግሞ በቀን ከሩብ ሰዓት በላይ ከየት ያመጣል? ሰማንያ ቀን። መግመዱና ማጠቡ ገና ነው፣ ሹራቡም አልተጀመረም።

ሰ፦ ለዚህ ነዋ ሰው ገዝቶ የሚያለብሰው።

ማ፦ ይግዛ፣ ማን ከለከለው? እኔ የምለው፣ የምትፈትል ከሆነ ለዛሬው ልጅ አትፍተል። ሲያልቅ ለሚኖረው ልጅ ፍተል።

ሰ፦ አሁን ገባኝ። ግን እኔ መጀመሪያ ላይ መፍተሉም አልሆነልኝም ነበር። ክሩ አንድ ቦታ እንደ ፀጉር ይቀጥናል፣ አንድ ቦታ ጣት ያክላል። ከዚያ ድንገት ብጥስ፣ እንዝርቱ ወለል ላይ ጧ!

ማ፦ ሁሉም ሰው የሚሳሳተው አንድ ቦታ ላይ ነው። እንዝርቱን ስታሾረው ሱፉ ይጠመዘዛል፣ አይደል? ያ ጥምዘዛ በክሩ ላይ ወደ ላይ ይወጣል። በጣትህ ቆንጥጠህ ካልያዝከው፣ ገና ያልተፈተለው ሱፍ ውስጥ ይገባል። አንዴ ከገባ ሱፉን መሳብ አትችልም፣ ይቋጠራል። ስለዚህ አንዱ እጅ ይቆነጥጣል፣ ሌላው ሱፉን እየሳበ ያሳሳዋል። ሲሳሳልህ ቁንጥጫህን ታላላለህ፣ ጥምዘዛው ይገባል። እንደገና ትቆነጥጣለህ።

ሰ፦ እኔ ሁለቱንም አንዴ ለማድረግ ነበር የምታገለው። ለጀማሪ የምመክረው፣ እንዝርቱን በጉልበቶቹ መሃል ይዞ ያቁመው። ያሹረው፣ ያቁመው፣ ከዚያ ተረጋግቶ ይሳብ። ያስቃል፣ ግን ይሠራል። እኔ አንድ ሳምንት እንደዚያ ነው የፈተልኩት።

ማ፦ በቂ መጠምዘዙን ለማወቅ ደግሞ ከእንዝርቱ በላይ ካለው ክር ስንዝር ያህል ላላ አድርገህ እጠፈው። ራሱ በራሱ ላይ ይጠመጠማል። ሲገመድ የሚመስለው እሱን ነው። ላላ ካለ ጨምርበት። እንደ ሽቦ ከደረቀ አብዝተኸዋል። ነገርም ክርም ሲከር ነው የሚበጠሰው።

ሰ፦ መግመዱን ግን ለምን? ነጠላውን ብሠራበትስ?

ማ፦ ነጠላ ክር ጥምዘዛው ሊፈታ ይታገላል። ሹራቡ አልቆ ስታነጥፈው አራት ማዕዘን መሆኑ ቀርቶ ወደ አንድ ጎን ያዘማል። ሁለቱን ነጠላ ከተፈተሉበት በተቃራኒው ስታሾራቸው ግን አንዱ የሌላውን ትግል ያበርዳል። ክሩ ረጋ ይላል። ደግሞ ይጠነክራል። የልጅ ክርን ወለል ላይ ሲፈተግ ነው የሚውለው፣ ታውቀዋለህ።

ሰ፦ ድር ቢያብር አንበሳ ያስር።

ማ፦ አንበሳውን እንጃ፣ የሦስት ዓመት ልጅን ግን ይችላል።

ሰ፦ ስለ ሱፉ እናውራ። ያ ሹራብ ሌላም ጣጣ ነበረበት። ስታወልቀው አንገቷ ቀልቶ ነበር። እኔ አለርጂ መስሎኝ ደነገጥኩ።

ማ፦ ብዙ ጊዜ አለርጂ አይደለም። ሱፉ ወፍራም ሲሆን የጸጉሩ ጫፍ ቆዳ ላይ ሳይታጠፍ ይወጋል። ከ30 ማይክሮን በላይ የሆነ ጸጉር ሲበዛበት ነው የሚያሳክከው። አንድ ማይክሮን የሚሊሜትር አንድ ሺኛ ነው። የሜሪኖ በግ ሱፍ አብዛኛውን ጊዜ ከ24 በታች ስለሆነ ለልጅ ይመቻል። አንተ በምን ፈተሽከው?

ሰ፦ በእጄ ነዋ። መዳፌ ላይ አሸት አሸት አድርጌ።

ማ፦ መዳፍህ ወፍራም ነው፣ ምን ይነግርሃል? አንገትህ ላይ፣ ከአገጭህ ሥር አድርገው። እዚያ ሩብ ሰዓት ከታገሥከው ለልጅህም ስጣት።

ሰ፦ ጥጥስ?

ማ፦ ጥጥ አያሳክክም፣ ግን ጸጉሩ አጭር ስለሆነ ብዙ ማክረር ይፈልጋል፤ ለጀማሪ ይከብዳል። እንደ ሱፍም አይለጠጥም። ሹራቡ ተጎትቶ ይቀራል። በሱፍ ጀምሩ።

ሰ፦ አሁን የኮፍያውን ልናገር። ከዚያ ሹራብ በኋላ ለስላሳ ሱፍ አገኘሁ፣ ኮፍያ ሠራሁላት። ቆንጆ ነበር። አንድ ቀን ከሌላው ልብስ ጋር ማሽን ውስጥ ከተትኩት። ሙቅ ውሃ፣ ሳሙና፣ አንድ ሰዓት ሲሽከረከር። ሳወጣው ብርቱካን የሚያክል፣ እንደ ካርቶን የደረቀ ነገር ሆኗል።

ማ፦ ኧረ ባክህ!

ሰ፦ እውነቴን ነው። የአሻንጉሊቷ ኮፍያ ሆነ። ለአሻንጉሊቷ ልክ ነው፣ እሱስ።

ማ፦ የሱፍ ጸጉር እንደ ዓሣ ቅርፊት ያለው ነው። በሙቀትና በሳሙና ቅርፊቱ ይነሳል፤ ሲታሽ አንዱ ሌላውን ይይዘዋል፣ አይለቅም። ፋብሪካ ውስጥ ቅርፊቱ እንዳይያያዝ የተደረገ ሱፍ አለ፣ እሱ ማሽን ይችላል። የራስህን ግን ለብ ባለ ውሃ ትነክረዋለህ፣ ሳታሽ ጨመቅ ታደርገዋለህ፣ ከዚያ አንጥፈህ ታደርቀዋለህ። ናሙናህንም፣ ማለት ከሹራቡ በፊት ለልክ የምትሠራትን ትንሽ ቁራጭ፣ ሳታጥባት አትለካ።

ሰ፦ ናሙና የምትሠራው አንቺ ብቻ ነሽ።

ማ፦ ስማ፣ ክሩ የእጅህ ነው። ውፍረቱን የሚነግርህ ወረቀት አልተለጠፈበትም። ከናሙናው በ10 ሴንቲሜትር 22 የክር ቀለበት ይወጣኛል ብለህ ለ60 ሴንቲሜትር ዙሪያ 132 ትጀምራለህ። ታጥቦ ሲላላ 20 ብቻ ቢሆን ዙሪያው 66 ይሆናል።

ሰ፦ ለልጅ ስድስት ሴንቲሜትር ሲሰፋ ምን አለበት? ያድጉበታል።

ማ፦ እሱ እውነት ነው። ግን በዚያ ዕድሜ ልጅ ወደ ጎን ከሚሰፋው ይልቅ ወደ ላይ ነው የሚሳበው። ለዚህ ነው ከአንገት ጀምራችሁ ወደ ታች ሥሩ የምለው። የሹራብ ቀለበት በቀላሉ የሚተረተረው ከተዘጋበት ጫፍ ነው። ከአንገት ከጀመርክ የታችኛውን ጠርዝና የእጅጌውን ጫፍ ፈትተህ መቀጠል ትችላለህ። ከታች ወደ ላይ ከሠራኸው ግን ተቸገርክ።

ሰ፦ እኔ ከታች ወደ ላይ ነበር የሠራሁት።

ማ፦ አውቃለሁ። አንድ ልቃቂት ደግሞ ይቀመጥ። የእጅ ፈትል ሌላ ጊዜ ያው አይመጣም፣ የራስህ እጅ እንኳ በዓመቱ ይለወጣል።

ሰ፦ በነገራችን ላይ አንድ የገረመኝ ነገር አለ። መጀመሪያ ማሽን የተሠራለት መፍተሉ ነበር የሚመስለኝ። ለካስ ሹራቡ ነው። ዊሊያም ሊ የሚባል እንግሊዛዊ ካልሲ የሚሠራ ማሽን የፈጠረው እ.ኤ.አ. በ1589 ነው። የጄምስ ሃርግሪቭስ ስምንት እንዝርት ያለው መፍተያ የመጣው በ1764 ገደማ። ያን ሁሉ ዘመን ማሽኑን የመገበው የሰው እጅ ነበር።

ማ፦ ሃያ ሰዓትን ለሚያውቅ ሰው ያሳዝናል። አንድ ነገር ሳልረሳ፣ ለጨቅላ ጓንት ወይም ካልሲ ስትሠሩ ውስጡን ገልብጣችሁ እዩት። የተንጠለጠለ ክር ጣት ላይ ተጠምጥሞ ደም ሊያቆም ይችላል። ሕፃኑ ያለቅሳል፣ ማንም ምክንያቱን አያውቅም። የክሩን ጫፍ ሁሉ ስፉት። አንገት ላይ የሚታሰር ገመድ ይቅርባችሁ።

ሰ፦ እኔ ገልብጬ በጣቴ እዳስሰዋለሁ። ዓይን ያልፈዋል።

ማ፦ ጥሩ። እና ካልሲው? ያለቀው ይሆናታል?

ሰ፦ ትናንት ማታ ተኝታ እግሯን ለካሁት።

ማ፦ እና?

ሰ፦ አንድ ሴንቲሜትር ጎድሏል።

ማ፦ ሁለተኛውስ?

ሰ፦ ሁለተኛውን አንድ ሴንቲሜትር ጨምሬበት እየሠራሁ ነው። የመጀመሪያውን ከጣቶቹ በኩል ነው የዘጋሁት፣ ጫፉን እፈታዋለሁ። ክር አስተርፌያለሁ።

ማ፦ ስንት?

ሰ፦ ይኸው፣ እንቁላል የምታክል። ቶሎ ከጨረስኩ ትበቃለች።