የበረሃው ጠርሙስ ቤት

አባቶች፣ እናቶች፣ ወንድሞችና እህቶች፣ እንደምን አመሻችሁ?

ዛሬ የማወራችሁ ስለ ቤት ነው። ከዚህ ከላስ ቬጋስ በመኪና ሁለት ሰዓት ያህል ወደ ሰሜን ምዕራብ ስትነዱ ራዮላይት የምትባል ሰው የማይኖርባት ከተማ አለች። በፈረንጆቹ 1904 እዚያ አካባቢ ወርቅ ተገኘ። ወሬው ሲሰማ ሰው ከየአቅጣጫው ጎረፈ። ግን የት ይደር?

ለቤት የሚሆን ዛፍ የለም። ከሩቅ የሚመጣው ጣውላ ዋጋው አይቀመስም። መጀመሪያ ድንኳን ተተከለ። በሌሎቹ የማዕድን ከተሞች፣ በእነ ጎልድፊልድና ቶኖፓህ ደግሞ ሰው የላምባ ጣሳ ቀጥቅጦ እየዘረጋ ግድግዳ አደረገው። ኮረብታ ፈልፍሎ ደጁን በጆንያ የጋረደም ነበር። ስለ ወርቁ ብዙ ተወርቷል። እኔ የማስበው የእነዚህን ሰዎች ሌሊት ነው። ቀን ጣሳው እንደ ምጣድ ይግላል። በብርዱ ወራት ደግሞ ነፋሱ ድንኳኑን ሲጎትት ያድራል።

ቶም ኬሊ የሚባል የማዕድን ሠራተኛ የተትረፈረፈውን ነገር አየ። ከተማዋ መጠጥ ቤት በመጠጥ ቤት ነበረች። በ1906 ወደ 50,000 የሚጠጋ ጠርሙስ፣ አብዛኛውን የቢራ፣ ሰብስቦ ቤት ሠራ። ጭቃ አቡክቶ ጠርሙሶቹን አጋድሞ ደረደራቸው፤ አፋቸው ወደ ውስጥ፣ ታቻቸው ወደ ውጪ። ጭቃ ረግጣችሁ፣ ቤት መርጋችሁ ያደጋችሁ ሁሉ ሥራውን ታውቁታላችሁ። ባለፈው ልጄን ይዤ ሄጄ ነበር። የአንዱን ረድፍ ክብ ክብ ታች መቁጠር ጀመረ። ፀሐይ ሲያርፍባቸው ቡናማ ቡናማ ያበራሉ። ዝም ብሎ ቆሞ ያይ ነበር።

ወርቁ ብዙ አልቆየም። ትልቁ ማዕድን በ1911 ተዘጋ፣ መብራቱም በ1916 ተቆረጠ። ሰው ሲወጣ ጣውላውን ነቅሎ፣ አንዳንዱም ቤቱን እንዳለ ጭኖ ሄደ። ባለ ሦስት ፎቁ የኩክ ባንክ ዛሬ የፈራረሰ ግድግዳ ነው። የጠርሙሱ ቤት ግን እየተጠገነ እስካሁን ቆሟል። ያን ግድግዳ ሳይ እጅግ ደስ ይለኛል፣ የእጅ ሥራ ነው።

ልጆቻችሁን ይዛችሁ ሂዱ። ውሃ በብዛት ያዙ፣ እዚያ ሱቅ የለም። መሬት ላይ የጠርሙስ ስባሪ ታገኙ ይሆናል። እባካችሁ፣ አንድም ሳታነሡ እዚያው ተዉት።