ከወንበሩ በፊት ትራሱ

በአከርካሪ ጉዳተኞች ማኅበር ዓመታዊ ጠቅላላ ጉባኤ ላይ የተደረገ ንግግር

ክቡራን እንግዶች፣ የማኅበራችን አባላት፣ በተለይ ደግሞ ዛሬ ተሽከርካሪ ወንበር ገፍታችሁ፣ ደረጃ ላይ ሰው ተሸክማችሁ እዚህ ያደረሳችሁን እናቶች፣ ሚስቶች፣ ባሎች፣ ወንድሞችና እህቶች፤ እንኳን ደህና መጣችሁ።

የዓመቱን ሪፖርት ጸሐፊያችን አንብባዋለች። ሒሳቡም እጃችሁ ላይ ነው፤ አልደግመውም። እኔ አንድ ነገር ልናገር ነው የመጣሁት።

እኛን የሚገድለን የተሰበረው አከርካሪ አይደለም። የሚገድለን ቁስል ነው። የሚገድለን ሽንት ነው። ይህን እዚህ አዳራሽ ውስጥ ያለ አባል ሁሉ ያውቃል። የቀበርናቸው ጓደኞቻችን በምን እንደሞቱብን እናውቃለን። ሆኖም ገንዘብ በተገኘ ቁጥር የሚገዛልን ወንበር ነው። ለምን? ወንበር ፎቶ ላይ ያምራላ!

አንድ ልጅ አለ፤ ብዙዎቻችሁ ታውቁታላችሁ። ስሙን አልጠራም፤ እሱም የፈለገው እንደዚያ ነው። የቀን ሠራተኛ ነበር። ሦስተኛ ፎቅ ላይ ሲሠራ የባሕር ዛፉ መወጣጫ ተሰበረና ወደቀ። ጓደኞቹ ሁለቱ ብብቱን፣ ሁለቱ እግሩን ይዘው አነሱት። አጥፈው ላዳ ታክሲ ውስጥ አስገቡት። ከልባቸው ሊያድኑት ነው። ግን አከርካሪው የተሰበረ ሰው ሲታጠፍ ውስጥ ያለው ህብለ ሰረሰር የባሰ ይጎዳል። አንገቱንና ወገቡን ሳያንቀሳቅሱ፣ እንደ ግንድ ቀጥ አድርጎ በሳንቃ ላይ ማንሳት ነበር የሚሻለው። ይህ ራሱን የቻለ ጉዳይ ነው፤ ሌላ ቀን እመለስበታለሁ።

ከሆስፒታል ወጥቶ እናቱ ቤት ገባ። እናቱ እንጀራ ጋግረው የሚሸጡ ሴት ናቸው። አንዲት ነርስ አንዴ ብቻ ያሳየቻቸውን ይዘው በየሁለት ሰዓቱ ያገላብጡት ነበር። ሌሊትም ጭምር። በግራ ጎኑ፣ በጀርባው፣ በቀኝ ጎኑ። በጉልበቶቹ መሃል ያረጀ ጋቢ አጥፈው ያስገባሉ። ተረከዙ ፍራሽ እንዳይነካ ከሥሩ ጨርቅ ያደርጋሉ። ከዚያ ተነስተው ሊጥ ያቦካሉ። አንድ ዓመት ሙሉ ልጁ ላይ አንዲት ቁስል አልወጣችም! አንዲት! ትልልቅ ሆስፒታል ውስጥ እንኳ የማይገኝ ነገር ነው። ለእኚህ ሴት የሸለማቸው የለም። ባነር ያሠራላቸውም የለም።

ከዚያ ወንበር ተገኘልህ ተባለ። አንድ ድርጅት ነው፤ ስሙ ይቅር። ልጁ ነጭ ሸሚዝ ለብሶ፣ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ወንበሩ ላይ ተቀመጠ። የክብር እንግዳው የደረሱት ስድስት ሰዓት ላይ ነው። ንግግር ተደረገ፣ ኬክ ተቆረሰ፣ ባነሩ ሥር ፎቶ ተነሱ። ልጁ ቤቱ ሲመለስ ዘጠኝ ሰዓት አልፏል። ወንበሩ ሆስፒታል ኮሪደር ላይ ሕመምተኛ የሚገፋበት ዓይነት ነው። መቀመጫው የተወጠረ ሸራ ብቻ፤ ስፖንጅ እንኳ የለውም። ስፋቱም ለሁለት ሰው ይበቃል፤ ስለዚህ ልጁ ቀኑን ሙሉ ወደ አንድ ጎን ተንጋዶ ነው የዋለው።

እንግዶቻችን ይህን ልብ በሉልኝ። እናንተ አሁን እየሰማችሁኝ እንኳ ሳታውቁት ትነቃነቃላችሁ፤ ሲቆረቁራችሁ ጎን ትቀይራላችሁ። እኛ መቆርቆሩ አይሰማንም። በእጃችን ተደግፈን በየግማሽ ሰዓቱ ራሳችንን ብድግ ካላደረግን መቀመጫ አጥንታችን ሥር ያለው ሥጋ ደም ያጣል። ደም ያጣ ሥጋ ይሞታል።

የዚያን ዕለት ማታ እናቱ ሲያጥቡት የሃምሳ ሳንቲም ታክል ቀይ ምልክት አዩ። በጣታቸው ሲጫኑት አልነጣ አለ። በሳምንቱ ጠቆረ። ሐኪሙ የሞተውን ቆዳ ሲያነሳው ከሥሩ አጥንት ታየ።

ልጁ ዛሬ አዳራሹ ውስጥ የለም። ቤቱ በሆዱ ተኝቷል፤ ወራት ሆነው። ወንበሩ ላይ እናቱ ልብስ ያሰጡበታል። ፎቶው ግን አሁንም የዚያ ድርጅት ቢሮ ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል!

ሳይለካ የተሰጠ ጫማ እግር ይልጣል፤ ሳይለካ የተሰጠ ወንበር ደግሞ ሰው ይገድላል። ይህን ስንናገር “የተሰጣችሁን አታመሰግኑም” እንባላለን። እናመሰግናለን። ግን ልጃችንን አቁስሎ ለላከ ሥነ ሥርዓት አናጨበጭብም። ከእንግዲህ አናጨበጭብም!

ይህ የእኔ ፈጠራ አይደለም። ከናዚዎች ሸሽተው እንግሊዝ የገቡት አይሁዳዊው ሐኪም ሉድቪግ ጉትማን፣ እ.ኤ.አ. በ1944 ስቶክ ማንዴቪል ሆስፒታል ውስጥ የአከርካሪ ጉዳተኞች ክፍል ከፈቱ። በዚያ ዘመን እንደኛ የተጎዳ ሰው አይተርፍም ይባል ነበር። አብዛኛው በቁስልና በሽንት ኢንፌክሽን ያልቅ ነበር። ጉትማን ምን አደረጉ? በሽተኛው በየሁለት ሰዓቱ ይገላበጥ አሉ፤ ቀንም ሌሊትም። ሽንቱ በንጽሕና ይውጣ አሉ። ሰው መትረፍ ጀመረ። እንጀራ ሻጯ እናታችን ያደረጉት ይህንኑ ነው።

ሻምበል አበበ ቢቂላን ሁላችንም ስናነሳው የሮሙን ባዶ እግር ነው የምናነሳው። ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም.። ከሳምንት በኋላ በዚያችው ሮም ከ23 አገር የመጡ 400 ያህል ስፖርተኞች በተሽከርካሪ ወንበር ተወዳደሩ። ዛሬ የመጀመሪያው ፓራሊምፒክ የምንለው እሱ ነው፤ ዘሩን የዘሩት እኚሁ ጉትማን ናቸው። መጋቢት 13 ቀን 1961 ዓ.ም. ሌሊት የሻምበል ቮልስ ተገለበጠች። ከአንገቱ በታች አልታዘዝ አለው። የወሰዱት ወደዚያው ስቶክ ማንዴቪል ነው። ስምንት ወር ቆየ። እጆቹ ተመለሱለት። በዓመቱ እንግሊዝ ውስጥ ቀስት ወረወረ፣ ጠረጴዛ ቴኒስ ተጫወተ። ቀጥሎ ኖርዌይ ሄዶ በበረዶ ላይ 25 ኪሎ ሜትር የሸርተቴ ውድድር አሸነፈ።

እኔ ሻምበልን ሳስብ የማስበው ስለዚያ ስምንት ወር ነው። በየሌሊቱ ተነስተው ስላገላበጡት ነርሶች ነው። ሻምበል የአገር ጀግና ስለነበር ተላከ። የቀን ሠራተኛውስ? እሱን ማን ያገላብጠው?

ስለ ሽንትም ዝም አልልም። ነውር ነው እየተባለ ስንቱን አጣን! ፊኛችን ሲሞላ አናውቅም። ሽንት የሚያወጣልን ንጹሕ ቱቦ በቀን ከ4 እስከ 6 ጊዜ ያስፈልገናል። ከፋርማሲ ሲጠፋ፣ ሲወደድ፣ አንዱን ቱቦ ያለ ልክ ደጋግመን እንጠቀማለን። ከዚያ ትኩሳት፣ ከዚያ ኩላሊት። ጉዳታቸው ከደረት መካከል ጀምሮ ወደ ላይ የሆነ አባሎቻችን ደግሞ ቱቦው ሲዘጋ ድንገት ራሳቸውን ይፈልጣቸዋል፣ ላብ ያጠምቃቸዋል፣ የደም ግፊታቸው ሰማይ ይነካል። ቤተሰብ ግራ ገብቶት የራስ ምታት ክኒን ይሰጣል። መጀመሪያ ቀና አድርጉና አስቀምጧቸው፤ ከዚያ ቱቦውን እዩ! ካልቀለላቸው ሳትዘገዩ ወደ ሐኪም። ይህን በየቤቱ እየዞረች የምታሳይ አንዲት ነርስ ብንቀጥር ከብዙ ወንበር በላይ ትጠቅመናለች።

ሕንፃዎችን በተመለከተ፣ በ2001 ዓ.ም. የወጣው የሕንፃ አዋጅ ለአካል ጉዳተኞች መግቢያ እንዲኖር አዞ ነበር። እዚህ ግን ዛሬም በሰው ትከሻ ነው የገባነው። ታክሲውም፣ ሥራውም ገና ነው። ኮሚቴው ዝርዝሩን ያቀርብላችኋል።

የእኔ ሐሳብ ይህ ነው። ማኅበራችን ያልተለካ ወይም የመቀመጫ ትራስ የሌለው ወንበር ከማንም አይቀበል። ትራሱ የግድ ከውጭ አይምጣ፤ መርካቶ በሚሸጠው ጠንካራ ስፖንጅ በልክ ተቆርጦ መሥራት ይቻላል፤ ሲያረጅ መቀየር ነው። ከሚገኘው ገንዘብ ቢያንስ ግማሹ ለትራስ፣ ለቱቦና ለነርስ ይዋል። አንድም አባል ለፎቶ ተብሎ ከአንድ ሰዓት በላይ አይቀመጥ። የክብር እንግዳ ከዘገየ ሥነ ሥርዓቱ ያለ እሱ ይጀመር። ለጋሾቻችን ደግሞ ከስጦታው ቀን ይልቅ በወሩ ቤት ድረስ መጥታችሁ ጠይቁን። ቁስል አለ ወይ በሉን። ቱቦ አላለቀም ወይ በሉን።

ሐሳቡ ከሻይ በኋላ ለድምፅ ይቀርባል። የምትደግፉ እጃችሁን አውጡ። እጃችሁ የማይታዘዛችሁ በስማችሁ ስትጠሩ “እደግፋለሁ” በሉ፤ ቆጣሪዎቹ አንድ በአንድ እንዲመዘግቧችሁ ነግሬያቸዋለሁ።

አመሰግናለሁ።