ቅጠሉ ያማረ፣ ፍሬው የጠፋ በርበሬ

ሰላም፦ እንደምን ሰነበታችሁ? ሰላም ነኝ፣ ዳዊትም አብሮኝ አለ። ዛሬ ጉዳያችን በርበሬ ነው። ኪሎው ስንት እንደገባ አልነግራችሁም፤ ከእኔ በላይ ታውቁታላችሁ።

ዳዊት፦ ታዲያ ሰው ጓሮው ውስጥ መትከል ቢጀምር ምን ይገርማል?

ሰላም፦ ጀምሯል እኮ! አንዲት ጎረቤቴ የተከለችው ወገቧ ድረስ ደርሷል። ቅጠሉ ጥቁር አረንጓዴ ነው፣ ዓይን ይስባል። ፍሬ ግን ፈልገህ አታገኝም።

ዳዊት፦ ዩሪያ ነው የጨመረችው የዶሮ ኩስ?

ሰላም፦ ሁለቱንም! እንዴት አወቅክ?

ዳዊት፦ ቅጠሉ ያሳብቃል። ናይትሮጅን ሲበዛ ተክሉ ቅጠልና ግንድ ማውጣቱን አያቆምም። ተመችቶታላ፣ ለምን ብሎ ያፈራል? የዶሮ ኩስ ደግሞ ከከብት ፍግ ይበልጥ ኃይለኛ ነው። በደንብ ሳይብላላ ከተጨመረ ሥሩንም ያቃጥላል። በይ አሁን ዩሪያውን ታቁም። ማበብ ሲጀምር የሚፈልገው ፖታሽየም ነው።

ሰላም፦ አመድ ይሆናል?

ዳዊት፦ አሲዳማ አፈር ላይ ትንሽ የእንጨት አመድ ይጠቅማል። ትንሽ ነው ያልኩት! ምድጃውን ሙሉ ገልብጠው የሚያፈሱ አሉ።

ሰላም፦ አብቦ አበባው የሚረግፍባቸውስ?

ዳዊት፦ መጀመሪያ ሙቀቱን እይ። ቀኑ ከ32 ዲግሪ በላይ ሲዘልቅ፣ ወይም ሌሊቱ ከ15 በታች ሲወርድ አበባ ይረግፋል። አዲስ አበባ ሌሊቷ ቀዝቃዛ ነው። ስለዚህ ግድግዳ ተጠግቶ፣ ቀን የሞቀው ሲሚንቶ ሌሊት ሙቀት የሚለቅበት ቦታ ላይ የተተከለ ይሻለዋል። ሌላው የውሃ ነገር ነው። አንድ ሳምንት አስጠምቶ በሚቀጥለው ማጥለቅለቅ አበባ ያስጥላል።

ሰላም፦ ከጓሮ እንውጣና ወደ እርሻው እንሂድ። ማረቆ፣ ሃላባ፣ ቡሬ... ገበሬው ብዙ ምርት ሲል ከየት ይጀምር?

ዳዊት፦ ብዙ ሰው ዘርና ማዳበሪያ ነው የሚለው። እኔ ውሃ ማስወጫ እላለሁ። በርበሬ ሥሩ ውሃ ውስጥ መቆም አይችልም። በክረምት ዋልካ መሬት ላይ፣ ዝናቡ ሁለት ቀን ከተኛበት አለቀ። አጠውልግ በሽታ ይገባል። የዛሬ ሳምንት አረንጓዴ የነበረው ማሳ ቁጭ ብሎ ታገኚዋለሽ። ስለዚህ አፈሩን ከፍ አድርጎ መደብ መሥራት፣ ቦዩ ውሃውን ከማሳው እንዲያወጣ ማድረግ። ብር አይጠይቅም፣ ጉልበት ነው።

ሰላም፦ የጠወለገው በውሃ ጥም ይሁን በበሽታ በምን ይለያል?

ዳዊት፦ የተጠማ ከሆነ ማታ ውሃ ሲያገኝ ጠዋት ቀና ይላል። አፈሩ እርጥብ ሆኖ ከጠወለገ በሽታ ነው። አንድ ቀላል ነገር ልንገርሽ። ግንዱን ከሥሩ ጠጋ አድርገሽ ቁረጪ። ንጹህ ውሃ ያለበት ብርጭቆ ውስጥ ቁራጩን አንጠልጥለሽ ያዢው፣ ሳታንቀሳቅሺ። ትንሽ ደቂቃ ቆይቶ ከተቆረጠው ጫፍ ወተት የመሰለ ቀጭን ክር ቁልቁል ከወረደ ባክቴሪያ ነው። ክሩ ካልታየና ከቅርፊቱ ሥር ያለው ቡናማ ከሆነ ደግሞ ፈንገስን ጠርጥሪ።

ሰላም፦ ከዚያ ምን ይደረጋል?

ዳዊት፦ የታመመውን ነቅሎ ማቃጠል እንጂ መድኃኒት ፍለጋ አትሩጪ። አፈሩ ውስጥ ዓመታት ይቆያል። እዚያ ቦታ ላይ በቀጣዮቹ ዓመታት ቲማቲም፣ ድንች ወይ በርበሬ አይተከልም፤ ዘመዳሞች ናቸው፣ በሽታውን ይጋራሉ። በቆሎ ወይ ጤፍ ይግባበት።

ሰላም፦ ዘሩስ? ማረቆ ፋና ሲሉ እሰማለሁ።

ዳዊት፦ ማረቆ ፋና ፍሬው ትልቅ፣ ሲበስል ጥቁር ቀይ፣ የሚያቃጥል ነው። የበርበሬን ቀለምና ቅመም ጨምቀው የሚያወጡ ፋብሪካዎችም ይፈልጉታል። አዋሽ መልካሳ ያለው የምርምር ማዕከል የሠራባቸው ሌሎችም አሉ፦ መልካ ዛላ፣ መልካ አዋዜ፣ መልካ ሾቴ። ግን ዘር ከመምረጥ በፊት አንድ ጥያቄ አለ። ቃሪያ ነው የምትፈልጊው በርበሬ?

ሰላም፦ ምን ለውጥ አለው? ያው ተክል አይደለም?

ዳዊት፦ ተክሉ አንድ ነው፣ ምርቱ ይለያያል። ቃሪያውን ገና አረንጓዴ እያለ በየሳምንቱ ከቀጠፍሽው እያበበ እያፈራ ይቀጥላል። እንዲቀላ ከተውሽው ግን ዘሩን ማብሰል ላይ ስለሚያተኩር አዲስ አበባ ማውጣቱን ይቀንሳል። ሁለቱንም የሚፈልግ ሰው ሁለት መደብ ይያዝ። እዚያው ላይ ዛሬ ቃሪያ፣ ነገ ዛላ የሚል ሰው ሁለቱንም በቅጡ አያገኝም።

ሰላም፦ ይህን ልብ በሉልኝ። ርቀቱስ?

ዳዊት፦ በመስመር መካከል 70 ሳንቲም፣ በተክል መካከል 30። ይህ ማለት በአንድ ሄክታር 47 ሺህ ከ600 ገደማ ተክል ነው። አሁን አስቢው። እያንዳንዱ ተክል 10 ግራም ደረቅ በርበሬ ቢጨምር፣ ማለትም ጥቂት ዛላ፣ ሄክታሩ ላይ አምስት ኩንታል ሊሞላ ምንም አይቀረውም።

ሰላም፦ ኧረ ባክህ!

ዳዊት፦ ለዚያ ነው ችግኙ ላይ የምጨቃጨቀው። መጋቢት ሚያዝያ ላይ መደብ ላይ ይዘራል፣ ዝናቡ ሲረጋ ወደ ማሳ ይዛወራል። ከመዛወሩ አንድ ሳምንት በፊት ጥላው ይነሳለት፣ ውሃ ይቀነስለት፣ ይጠንክር። ቀጥኖ የተሳበ ችግኝ አይታዘንለትም፣ ይጣል። ሲጃራ የሚያጨስ ሰው ደግሞ ችግኝ ከመንካቱ በፊት እጁን በሳሙና ይታጠብ።

ሰላም፦ ሲጃራን ምን አመጣው?

ዳዊት፦ የትምባሆ ቫይረስ በርበሬንም ይይዛል፣ በእጅ ይተላለፋል። ቅጠሉ ዝንጉርጉርና ጭብጥ ጭብጥ ሲል ያየሽው ቫይረስ ነው። ሌሎቹን ቫይረሶች ደግሞ ክሽክሽ የሚባለው ቅጠል የሚመጥ ትንሽ ተባይ ያዞራቸዋል።

ሰላም፦ አንድ የቤት ክርክር አለ። ሚጥሚጣ አጠገብ የተተከለ ቃሪያ ያቃጥላል ይባላል። እውነት ነው?

ዳዊት፦ ዘንድሮ አያቃጥልም። ንብ ከሚጥሚጣው ብናኝ ብታመጣም ፍሬው የእናቱ ነው፤ የሚያቃጥለውም ዘሩ የተያያዘበት ነጩ ክፍል ነው፣ እሱም የእናቱ ነው። ለውጡ የሚመጣው የዚያን ፍሬ ዘር ለከርሞ ስትዘሪው ነው። ዘር የምትይዝ ሰው ሁለቱን አርቃ ትትከል።

ሰላም፦ እናቴ ይህን ሰምታ አታምንህም። ሜሪላንድና ቨርጂኒያ ለምትሰሙንስ? በረንዳ ላይ ባልዲ የደረደራችሁ ብዙ ናችሁ።

ዳዊት፦ ባልዲው 20 ሊትር ገደማ ይሁን፣ ታችኛው ይበሳ። የካቲት መጨረሻ ላይ ቤት ውስጥ ዘሩ፤ ሙቀት ይፈልጋል፣ 25 ዲግሪና ከዚያ በላይ። ውጭ የሚወጣው ግንቦት ላይ፣ ሌሊቱ ሲሞቅ ነው። ከዚህ ላኩልን የምትሉት ዛላ ዘሩ ይበቅላል፣ ብዙ ካልከረመ። ሌላው ደግሞ በርበሬ በየዓመቱ የሚሞት ተክል አይደለም። ቅዝቃዜው ነው የሚገድለው። ጥቅምት ላይ ውርጭ ሳይነካው ቅርንጫፉን ከርክማችሁ ቤት አስገቡት፣ ውሃ በጥቂቱ ስጡት። በቀጣዩ በጋ ከዘር ከተነሳው ቀድሞ ያፈራል።

ሰላም፦ ሲደርስ ማድረቁ ቀረን። እዚህ ላይ ነው ብዙው የሚጠፋው አይደል?

ዳዊት፦ በጣም። መሬት ላይ አስጥቶ ማታ ጤዛ እንዲመታው መተው ሻጋታ ያመጣል። ሻጋታው አፍላቶክሲን ያመነጫል፤ መርዝ ነው፣ ቢፈጭ ቢታመስም አይለቅም። ቆጥ ወይ ወንፊት መሰል አልጋ ላይ፣ ከመሬት ከፍ አድርጎ፣ ማታ ማታ መሸፈን። አራት አምስት ኪሎ እርጥቡ ደርቆ አንድ ኪሎ ገደማ ይወጣዋል። ሲነቀነቅ ዘሩ ከተንሿሿ፣ ሲታጠፍ ከተሰበረ ደርቋል። እንደ ቆዳ የሚለመጥ ከሆነ ጆንያ ውስጥ አይግባ። ክብደት እንዲይዝ ውሃ የሚረጩበትማ...

ሰላም፦ እሱን ሌላ ቀን እናነሳዋለን፣ ስም ካልጠራህ።

ዳዊት፦ አልጠራም። ግን ስትገዙ ዛላውን ስበሩት። ካልተሰበረ ዋጋውን አታውሩ።

ሰላም፦ ለጎረቤቴ ዩሪያውን እንድትተው እነግራታለሁ። በሉ፣ ሳምንት እንገናኝ።