ከአራቱ ዶላር ሦስቱ የት ቀሩ?

ክቡራትና ክቡራን፣ የደሴና የኮምቦልቻ ነጋዴዎች፣ የባንክ ሠራተኞች፣ ከወሎ ዩኒቨርሲቲ የመጣችሁ ተማሪዎች፤ እንኳን ደህና መጣችሁ።

ጦርነት ምን እንደሆነ ለዚህ አዳራሽ ማስረዳት ድፍረት ይሆናል። በ2014 ዓ.ም. ጥቅምትና ኅዳር እነዚህ ሁለት ከተሞች ያዩትን እናንተው ታውቃላችሁ። ስለዚህ ጥይቱን ትተን ዋጋውን እንይ። ከውጭ አገር የተነሣ ገንዘብ በድብቅ ወደ አማጺ ሲሄድ፣ መሐል የሚቆመው ደላላ ስንት ይወስዳል? የትስ ይሰናከላል? ምሳሌያችን ከሩቅ ነው፤ ከቅርብ ብናመጣ ገና ሳንጨርስ አዳራሹ ወገን ይለይ ነበር። የመካከለኛው አሜሪካዋን ኒካራጓን የመረጥነው ደግሞ መዝገቧ ስለተከፈተ ነው፤ የአሜሪካ ምክር ቤት ሒሳቡን መርምሮ በ1987 እ.አ.አ. ለሕዝብ አውጥቶታል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ኮንትራ የሚባሉት የኒካራጓ አማጺዎች በአሜሪካ ይረዱ ነበር። በጥቅምት 1984 እ.አ.አ. ምክር ቤቱ ርዳታውን በሕግ ከለከለ። የዋይት ሐውስ ሰዎች ግን ከዚያ ቀደም ብለው ሌላ ኪስ ፈልገው ነበር። ሳዑዲ ዓረቢያ ከ1984 አጋማሽ ጀምራ በወር 1 ሚሊዮን ዶላር፣ በ1985 መጀመሪያ ደግሞ ጨምራ፣ በድምሩ 32 ሚሊዮን ዶላር ሰጠች። ይህ ገንዘብ የገባው የኮንትራዎቹ መሪ አዶልፎ ካሌሮ በሚያዝበት የኬይማን ደሴቶች ሒሳብ ነው። ሰጪና ተቀባይ፣ በመሐላቸው አንድ የሒሳብ ቁጥር። ሰንሰለቱ አጭር ስለነበር ገንዘቡ ተቀባዩ እጅ ደረሰ።

ሁለተኛው መንገድ ግን ረዘመ። የዋይት ሐውስ ባልደረባው ሌተና ኮሎኔል ኦሊቨር ኖርዝ፣ ጡረተኛው ጄኔራል ሪቻርድ ሲኮርድና ነጋዴው አልበርት ሐኪም በስዊዘርላንድ ሒሳቦችና በስም ብቻ ባሉ ኩባንያዎች ሥራውን ያዙት። ለኢራን በድብቅ ሚሳይል ይሸጣል፤ ትርፉ ለኮንትራ ይሄዳል። በየካቲት 1986 ቶው ለሚባሉ 1,000 ፀረ ታንክ ሚሳይሎች ኢራን 10 ሚሊዮን ዶላር ከፈለች። ለአሜሪካ መንግሥት የደረሰው 3.7 ሚሊዮን ነው። የቀረው 6.3 ሚሊዮን የማን ነው? ኢራን ዋጋው መስሏት ከፍላለች። የአሜሪካ ግምጃ ቤት አያውቀውም። ኮንትራዎቹ ስንት እንደሚመጣላቸው የነገራቸው የለም። ባለቤት የሌለው ገንዘብ ደግሞ የያዘው ሰው ነው።

መርማሪዎቹ ሁሉንም ሲደምሩ፣ ከመሣሪያ ሽያጩ 16.1 ሚሊዮን ዶላር ትርፍ ተገኝቷል፤ ለኮንትራ የደረሰው 3.8 ሚሊዮን ገደማ ነው። ከአራት ዶላር አንዱ እንኳ አልሞላም። የቀረው በኮሚሽን፣ በሌላ ሥራና በስዊዝ ሒሳቦች ውስጥ ቀረ። ደላሎቹን ሌቦች ብሎ ማለፍ ይቀላል፤ ግን አሠራሩ ራሱ ሌላ ውጤት አይሰጥም። ሰጪው ደረሰኝ ቢጠይቅ ምስጢሩ ይወጣል፤ ተቀባዩም «ጎደለብኝ» ብሎ የሚከስበት ዳኛ የለውም። በሁለቱ ዝምታ መካከል ዋጋ የሚቆርጠው ደላላው ብቻ ነው።

ብልሽቱም ከዚያው ይመጣል። ኢራን ሳትረከብ አትከፍልም፤ አሜሪካ ሳይከፈላት አትልክም። ክፍተቱን የሳዑዲው ነጋዴ አድናን ኻሾጊ በብድር ሞላው፤ ወለድ ተጨመረ። ማኑቸር ጎርባኒፋር የሚባለው አገናኝ በዋጋው ላይ ዋጋ ጫነ። በ1986 አጋማሽ ኢራናውያኑ የፋብሪካውን የዋጋ ዝርዝር አግኝተው አመሳከሩና ስድስት እጥፍ ተጠየቅን ብለው ክፍያ ያዙ። ክፍያው ሲያዝ ከኻሾጊ ጀርባ ያሉት አበዳሪዎች ገንዘባችን ካልተመለሰ ነገሩን እናወጣዋለን አሉ። እንግዲህ ያንን ሁሉ ምስጢር ሊያፈርስ የተነሣው ሰላይ ሳይሆን ያልተከፈለ ዕዳ ነበር። ጥቅምት 5 ቀን 1986 እ.አ.አ. ለኮንትራ ስንቅና መሣሪያ የጫነ አውሮፕላን ኒካራጓ ላይ ተመቶ አንድ ሰው በሕይወት ተያዘ፤ በወሩ አንድ የሊባኖስ መጽሔት የኢራኑን ሽያጭ ጻፈው፤ አለቀ።

አንዱን ግን ሳንነግራችሁ አናልፍም። በዚያው ዓመት የብሩናይ ሱልጣን 10 ሚሊዮን ዶላር ላኩ። የስዊዙ ሒሳብ ቁጥር ሲጻፍ ሁለት አሃዞች ቦታ ተቀያየሩ። ገንዘቡ ከጉዳዩ ጋር ምንም ግንኙነት የሌለው ሰው ሒሳብ ገባ! ኮንትራዎቹ አላዩትም። ባንክ ሄደው «ገንዘባችን ተሳስቷል» ሊሉም አይችሉም፤ ማን ነን ብለው ይሂዱ?

አሁን ወደ እኛ። ከወሎ ስንት እህትና ወንድም ሳዑዲና ቤይሩት እንዳለ ከእናንተ በላይ የሚያውቅ የለም። ሪያድ ላይ ሪያል ተቀብሎ እዚህ ብር የሚከፍል ሰው አለ፤ እስከ ሐምሌ 2016 ዓ.ም. የምንዛሪ ለውጥ ድረስ የባንኩና የጥቁር ገበያው ልዩነት እጥፍ ሊሞላ ስለቀረበ፣ ብዙ ቤተሰብ ወደዚያ መሄዱ አይገርምም። ለልጇ ትምህርት ቤት የሚላክላትን እናት የአማጺ ገንዘብ አመላላሽ ማለት ሐሰት ነው፤ ጭካኔም ነው። ችግሩ ሌላውም ገንዘብ በዚያው በር መግባቱ ነው፤ ሪያዱ ላይ የተቀበለው ሰው የማንን ገንዘብ እንደያዘ እዚህ የምትወስደው እናት ልታውቅ አትችልም።

ስለዚህ የባንክ ሠራተኞች፣ የደንበኛውን ስምና ትውልድ ትታችሁ የገንዘቡን አካሄድ እዩ። በየቀኑ ከማይተዋወቁ ብዙ ሰዎች ገብቶ በሰዓታት ውስጥ ሙልጭ ብሎ የሚወጣ ሒሳብ፤ ስንት እንዳለው ራሱ የማያውቅ ባለ ሒሳብ፤ የባንኩ መስኮት ፊት ቆሞ በስልክ እየተነገረው የሚፈርም ሰው። ይህን ስታዩ በሕጉ መሠረት ለፋይናንስ ደኅንነት አገልግሎት የሚደርሰው ሪፖርት ሕግ መከበሩን በሚከታተለው የባንካችሁ የተገዢነት ክፍል በኩል ይሄዳል። ለደንበኛው አትነግሩም፤ ለጓደኛም ቡና ላይ አታወሩም። ቂም ለመወጣት የሚጻፍ ሪፖርት ደግሞ እውነተኛውን ይቀብረዋል፤ ያያችሁትን ቀንና መጠን ጻፉ፣ ግምታችሁን ለብቻው አስቀምጡ።

ነጋዴዎች፣ ለእናንተ የሚመጣው ሰው «ሒሳብህን ለሁለት ቀን አውሰኝ» ይላል፤ መቶኛ ይሰጣል። ወይም ዕቃው ሳይመጣ ደረሰኝ ቁረጥልኝ ይላል። ይሉኝታ ይዟችሁ እሺ ካላችሁ፣ መዝገቡ ላይ የሚቀረው የእናንተ ስም ነው። ሽብርን በገንዘብ መርዳትን ለመከልከል በ1999 እ.አ.አ. የጸደቀው ዓለም አቀፍ ስምምነት እያወቀ ገንዘቡን ያቀበለን ሰው፣ ገንዘቡ ለጥቃት ባይውልም ጥፋተኛ ያደርገዋል። «ጥይት አልተገዛበትም» መከላከያ አይሆንም።

የማታውቁት ገንዘብ ሒሳባችሁ ቢገባ አትንኩት። ደውሎ «ተሳስቷል፣ በቴሌብር መልስልኝ» ላለም አትላኩ፤ ቅርንጫፋችሁ ሄዳችሁ በጽሑፍ አሳውቁ፤ ገንዘቡ ባንኩ ራሱ በመጣበት መንገድ ይመልሰው። ማመልከቻውን በሁለት ቅጂ አድርጋችሁ አንዱ ላይ ማኅተም አስመቱና ቤት አስቀምጡ። ያለ ማኅተሙ ተመልሳችሁ አትውጡ።

ጥያቄ ያላችሁ እጃችሁን አውጡ፤ ከባንክ መስኮት ጀርባ የምትውሉት ቅድሚያ ይኑራችሁ።