ኪቦርዱ ዝም ሲል፦ የዘንድሮው የኳየር መሪዎች ጉባኤያችን የመክፈቻ ንግግር

ሰላም ሰላም ወገኖች፣ እንኳን ደህና መጣችሁ! ከኋላ ያላችሁ እባካችሁ ጠጋ ጠጋ በሉ፣ ወፍራሙን ድምፅ የምትዘምሩ ቤዞች ደግሞ ሁሌ በር ላይ ምን ትጠብቃላችሁ? ሪፖርቱንና ሂሳቡን ጸሃፊያችን ከሻይ በኋላ ታቀርበዋለች፣ እኔ ስለ አንድ ሰው ትንሽ ላውራችሁ። ፔትር ኤበን ይባላል፣ ቼክ ነው፣ ለኳየር የሚጽፍ የሙዚቃ ደራሲና (ኮምፖዘርና) ኦርጋን ተጫዋች፣ እ.ኤ.አ. በ2007 ነው ያረፈው።

በነገራችን ላይ ኦርጋን ስል እኛ ጋ ኦርጋን የምንለውን ያማሃ ማለቴ አይደለም። የቱቦውን ነው፣ ግድግዳ ሙሉ ቱቦ የተደረደረበት፣ ነፋስ ገብቶበት የሚጮኸው፣ ተጫዋቹ ሁለት ሦስት ደርብ ኪቦርድ በእጁ፣ በእግሩ ደግሞ ሌላ ረድፍ ፔዳል ይመታል። ቪዲዮ ካገኛችሁ እጁን ተዉትና ጫማውን እዩ፣ ጉድ ነው።

ኤበን በ1929 ተወለደ (ዓመቶቹን ሁሉ በእ.ኤ.አ. ነው የምነግራችሁ)፣ ያደገው ቼስኪ ክሩምሎቭ በምትባል ትንሽ ከተማ ነው፣ ፒያኖውንም ኦርጋኑንም የጀመረው በልጅነቱ ነው። ቤታቸው ካቶሊክ ቢሆንም አባቱ በትውልድ አይሁዳዊ ስለነበሩ ናዚዎቹ ልጁንም አልተዉትም፣ ገና በአስራዎቹ ዕድሜ ጀርመን ውስጥ ቡከንቫልድ የሚባል የእስረኞች ማጎሪያ ወረወሩት። እዛ ከወንድሙ ጋር ሻወር ክፍል አስገብተዋቸው ከላይ የሚመጣው ጋዝ ይሁን ውሃ ሳያውቁ ጠበቁ። ውሃ መጣ። እኔ ይሄን ካነበብኩ በኋላ ሙዚቃውን እንደ ድሮው መስማት አልቻልኩም።

ከጦርነቱ በኋላ ፕራግ ሙዚቃ ተማረ፣ ከ1955 ጀምሮ ቻርልስ ዩኒቨርሲቲ አስተማረ፣ ግን ዘመኑ የኮሚኒስት ነው፣ እሱ ደግሞ ፓርቲ አልገባም፣ እሁድ እሁድም በግልጽ ቤተክርስቲያን ይሄዳል፣ እና ዕድገት የሚባል ነገር ጠፋ፣ በፕራግ የኪነጥበባት አካዳሚ የሙዚቃ ድርሰት ፕሮፌሰር የሆነው ስርዓቱ ከወደቀ በኋላ በ1990 ነው። ደርግን ላየ ሰው ይሄን ማብራራት አያስፈልገኝም፣ ጸሎት ቤት ታሽጎባችሁ ሳሎን ውስጥ ድምፃችሁን ቀንሳችሁ የዘመራችሁ እዚህ አላችሁ። በዛው ዘመን ለኦርጋን ብቻ የጻፈው የመጀመሪያ ትልቅ ስራው ስሙ ምን መሰላችሁ፣ "የእሁድ ሙዚቃ"! ሦስተኛውን ክፍል ፈልጋችሁ ስሙት፣ ሞቶ ኦስቲናቶ ይባላል፣ አንድ ምት ይዞ አልለቅም ይላል፣ ፀጉር ያቆማል።

እኔ ግን ዛሬ ያነሳሁት ለኦርጋኑ ብዬ አይደለም። ሰውየው ይሄን ሁሉ ችሎታ ይዞ ለተራ ኳየር ይጽፍ ነበር፣ ለህጻናት ኳየር ብቻ ስንትና ስንት ዘፈን አለው። በ1960ዎቹ ካቶሊኮች ቅዳሴውን ከላቲን ወደየራሳቸው ቋንቋ ሲያወጡት ኤበን በቼክኛ አንድ ቅዳሴ ጻፈ፣ የትሩቬር ቅዳሴ ይባላል፣ ትሩቬር ማለት የድሮ የፈረንሳይ ገጣሚ ዘፋኞች ናቸው። አጃቢው ምን ይሁን? ጊታርና ሪኮርደር፣ አዎ ያቺ ልጆች ትምህርት ቤት የሚነፏት ዋሽንት መሳይ ሪኮርደር! ያን ትልቅ ኦርጋን እንደ እጁ መዳፍ የሚያውቅ ሰው ጊታር ምን ይሰራል ብሎ አልናቀም፣ ያለውን ድምፅ አይቶ በልኩ ሰፋለት። ቀላል ነው ግን ርካሽ አይደለም፣ ልዩነቱ ይሄ ነው።

እኛስ? አንድ ነገር ልንገራችሁ፣ የትኛው ኳየር እንደሆነ አልናገርም፣ እኔም ውስጡ ነበርኩ። በዓል ነው፣ አዳራሹ ጢም ብሏል፣ አራት ድምፅ (ከቀጭኑ ወደ ወፍራሙ ሶፕራኖ፣ አልቶ፣ ቴነር፣ ቤዝ) እንዘምራለን ብለን ወር ሙሉ ተለማምደናል፣ ሁለተኛው አዝማች ላይ መብራት ድርግም! ኪቦርዱ ዝም። መጀመሪያ ቴነሩ ወደ ሶፕራኖ ዜማ ተንሸራተተ፣ አልቶዎቹ ተከተሉት፣ ቤዙ ጭራሽ ጠፋ፣ ሦስተኛው አዝማች ላይ ሁላችንም አንድ ዜማ እየጮህን ነበር። ሕዝቡ አጨበጨበ፣ ለትህትና ነው። የዛን ቀን ነው የገባኝ፣ ለካ አራት ድምፅ ስንዘምር የነበረው እኛ ሳንሆን ኪቦርዱ ነው፣ የቫዮሊን ዓይነት ድምፅ የምታወጣው ስትሪንግስ የምትለዋ በተን ሃርመኒውን፣ የድምፆቹን ስምምነት ማለቴ ነው፣ ተሸክማልን ነበር።

ስለዚህ እንደ ሰብሳቢ አንድ ነገር ልለምናችሁ። በየልምምዱ አስር ደቂቃ ኪቦርዱን አጥፉት፣ ኪቦርዲስቶች እንዳትቀየሙኝ፣ እናንተም ተነስታችሁ ዘምሩ። ዜማ የምትደርሱ ደግሞ መጀመሪያ ኳየራችሁ ውስጥ ማን እንዳለ ቁጠሩ፣ ሁለት ቴነር ብቻ ካለ ለሁለት ቴነር ጻፉ፣ ዩቲዩብ ላይ ላያችሁት መቶ ሰው ላለው ኳየር አትጻፉ በናታችሁ።

ከምሳ በኋላ "ኢዮብ" የሚለውን የኤበንን የኦርጋን ስራ አብረን እንሰማለን፣ በ1987 የጻፈው ነው፣ 8 ክፍል አለው፣ በየመሃሉ ከመጽሐፈ ኢዮብ ይነበባል። ንባቡን በአማርኛ እናደርገዋለን፣ ጋሼ ሊያነቡልን እሺ ብለውኛል፣ መነጽር ረስቻለሁ የሚል ሰበብ እንደማንቀበላቸው ግን ከወዲሁ ይታወቅ። ስፒከሩ በግራ በኩል ይንጫጫል፣ ከሳውንድ የምትሰሩ አንዳችሁ እስከዛ ብታዩልን፣ ጄኔሬተሩን ጠዋት አስነስተነዋል፣ ነዳጅ አለው። በሉ አሁን የሂሳቡ ወረቀት ይታደል።